ከፍሎ ስደተኛ

ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ነዘረ። ብዙነሽ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሥር ደብቃው ስለነበር ንዝረቱ እስከ ጉልበቷ ወጣ።

«የሆነ ነገር ይነዝራል» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ብርነሽ፣ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ።

«ማታቱ ነው። መንገዱ ላይ።»

«ማታቱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በፍራሽ ሥር ማለፍ የጀመረው?»

 የብዙነሽ ዓይን የግቢው በር ላይ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትንጠራራለች፤ የገባው ሰው የምታውቀው ሲሆን ትመለሳለች፤ እንደገና ሲንቋቋ እንደገና ትንጠራራለች። ለቀስተኛው፣ ሟቹ ባሏ ረታ የሚመጣ መስሎ እየታያት ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠላት።

ድንኳኑ የተተከለው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ የሚኖሩበት ፎቅ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ከላይ የአምስት ፎቅ የተሰጣ ልብስ ይንጠባጠባል። የፎቁ ጠባቂ የፈቀደው ለሦስት ቀን ነው፤ ቅዳሜ ሲመሽ መኪኖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ዛሬ አርብ ነው። ረታ ማክሰኞ ዕለት መሃል ከተማ ማታቱ ሲጠብቅ፣ የሚኒባስ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ወደቀ። ትናንት ቀበሩት።

ስልኩ ነዝሮ ነዝሮ ዝም አለ። ማን እንደደወለ ማየት አያስፈልጋትም ነበር። ከቀብር ስትመለስ ጀምሮ የሚደውለው አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ፊደል በፊደል ቆጥራ አንብባዋለች። ዋምቡይ ናይቫሻ፤ የሴት ስምና የሐይቅ ዳር ከተማ ስም።

ደረቷ ውስጥ ደግሞ ደብተሩ አለ።

ሆስፒታል ሄዳ ልብሱን በላስቲክ አድርገው ሲሰጧት ከኮቱ የውስጥ ኪስ ያገኘችው ነው። ትንሽ፣ በካኪ ወረቀት የተለበደ። ረታ ነው የለበደው፤ ያውም በጥንቃቄ፣ ማዕዘኖቹን አጥፎ። ልጃቸው ሜሮን ተማሪ በነበረች ጊዜ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጠረጴዛው ላይ ካኪ ዘርግቶ፣ መቀሱን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ሊሰካ እየቃጣው፣ እያንዳንዱን ደብተር እንደዚህ ነበር የሚለብደው። ብዙነሽ ደብተሩን መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ገለጠችው። እንግሊዝኛ አታነብም። ግን ከማንኛውም ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ታውቃለች፤ ሠላሳ ዓመት በስደተኛ ቢሮ ወረፋ ቆማ የተማረችው ሦስት መስመር ነው። ስም። ፆታ። የትውልድ ዘመን።

ስም፦ ቶሚ ረታ። ፆታ፦ ወንድ። የትውልድ ዘመኑ ሲሰላ አምስት ዓመቱ ነው። የቀረው ገጽ ለእሷ የማይነበብ የክትባት ማህተምና የሐኪም ጭረት ነው።

እሷ ከሜሮን በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልረጉላትም። የረታ እናት እስኪሞቱ ድረስ በስልክ «ወንዱስ?» ማለታቸውን አልተዉም ነበር።

---

ከጀርባዋ ሴቶቹ ንፍሮ እየዘገኑ ያንሾካሹካሉ። ለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ለባለቤቱ ነው ቀድሞ የሚሰማው።

«በየአሥራ አምስት ቀኑ ናይቫሻ ይሄድ የለም እንዴ?»

«ሥራ ነዋ። ሾፌር አይደል? ነጮቹን ይዞ ነው።»

«የቶቹን ነጮች? እኔ እኮ ሩንዳ ሰፈር ነው የምሠራው፣ እዚያው ከነሱ አጥር ማዶ። እነዚያ ባልና ሚስት አገራቸው ከገቡ ሦስት ዓመት አለፋቸው። አሁን ያሉት ከቤትም አይወጡ።»

«እንግዲህ ማንን ይዞ ነው የሚሄደው?»

«እሱን አፈሩ ይጠየቅ።»

ብርነሽ ዘወር ብላ ሦስቱንም በዓይኗ ጠረገቻቸውና «ንፍሮው አልበሰለም መሰለኝ፣ አፋችሁን አልሞላውም» አለች።

ሦስቱም ንፍሯቸው ላይ አቀረቀሩ። ብርነሽ መሃል ከተማ ምግብ ቤት ያላት፣ ሰው የምትፈራት ሴት ናት። ለብዙነሽ ግን እህቷ ማለት ናት። ቢሆንም ስለ ደብተሩ ለብርነሽም አልነገረቻትም። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ ሲሞት በሰልስቱ ዕለት ሁለት ልጆች የያዘች ሴት ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ «እነዚህም የእሱ ናቸው» ማለቷን የማያወራ ሀበሻ ናይሮቢ ውስጥ የለም። የሟቹን ስም እንኳ ረስተውታል፤ ሴትዮዋ የቆመችበትን ቦታ ግን እስከ ጫማዋ ቀለም ይናገራሉ። ብዙነሽ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበረች። የሟቹን ሚስት ከማየት ይልቅ ወደ ደጅ ለማየት ከተንጠራሩት አንዷም እሷ ነበረች።

«እማዬ» ሜሮን አጠገቧ ተንበረከከች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። «የአባዬ ስልክ የት ነው? ፍሬንዶቹን ኢንፎርም ማድረግ አለብን እኮ።»

«ጠፋ። እዚያው ሰልፉ ላይ ሳይሰርቁት አልቀሩም።»

«ስደውልለት ግን ይጠራል።»

«የሌባም ስልክ ይጠራል» አለች ብዙነሽ፤ በሩ ተንቋቋና ተንጠራራች። ጋሽ አገኘሁ ናቸው፣ የዕድሩ ዳኛ፤ ከኋላቸው ሁለት ሰው ወንበር ተሸክሞ ይከተላቸዋል።

---

ንፋስ መጣና የድንኳኑን ላስቲክ አንኳኳው። ብዙነሽ ይህን ድምፅ ስትሰማ ሁልጊዜ ትከሻዋ ይጨመደዳል።

ዋልዳ ላይ አሥራ ስምንት ወር ሰምታዋለች። በሞያሌ በኩል ድንበሩን ተሻግረው የገቡበት ካምፕ ነው። ከአክስቷ ጋር ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት ያ ቀይ ንፋስ ተነስቶ ድንኳኖቹን እንደ ወረቀት ሲያነሳ፣ አንድ የማታውቀው ቀጭን ልጅ ከየት መጣ ሳይባል ሮጦ የእነሱን ምሰሶ አቀፈ። ንፋሱ እስኪያልፍ፣ ከዚያም ዝናቡ እስኪያባራ አቅፎት ቆመ። ሲያበቃ ምሰሶውን ለቆ ደጅ ወጣና ውሃ እየተንጠፈጠፈ ቆመ። ሴቶች ብቻ ያሉበት ድንኳን ነው ብሎ አልገባም አለ። አክስቷ የላስቲኩን ጫፍ አንስተው «ግባ፣ ልጄ። ግባ» አሉት። ረታ ይህን እስኪሞት ያወራው ነበር። «በሕይወቴ ብዙ ቦታ ውጣ ተብያለሁ» ይላል። «ግባ ያለኝ ግን አንድ ሰው ነው።»

እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ያስቀረችው የላስቲኩን ድምፅ ነው። ናይሮቢ ከገቡ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲመጣ ከአልጋዋ ተነስታ ግድግዳውን በእጇ ትነካ ነበር፤ ድንጋይ መሆኑን ለማረጋገጥ።

ታዲያ አንድ እሁድ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ እያለ፣ ረታ ከናይቫሻ የተመለሰ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ነጮቹ ገና አልሄዱም። ሐይቅ ዳር ወስዷቸው ሁለት ሌሊት አድረው መምጣታቸው ነው። ምግብ አልበላ አለ፤ ወሬ ሞልቶበታል።

«ድንኳን ነው እኮ የሚተኙት! ቪላ ያላቸው ሰዎች! ከነውሻቸው! ውሻውም ቦታ አለው፣ ውሃ ይቀርብለታል፣ ብቻ በገመድ ይያዝ ነው የሚሉህ። ማታ ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዝም። ዝም ስልሽ፣ ብዙዬ፣ ከተወለድኩ እንደዚያ ያለ ዝምታ...» ቆም አለና እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። «አንድ ቀን እኔና አንቺ ብንሄድስ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ዋልዳ የተኛሁት አልበቃህም?» አለች ብዙነሽ። «ያኔ በነፃ ነበር። አሁን ደግሞ ከፍለህ ስደተኛ ልታደርገኝ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ብርነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ረታም ሳቀ። እጁን ከጉልበቷ ላይ አንስቶ እንጀራውን መቁረስ ጀመረ። ለአንድ ዓመት ያህል ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው «አንተ ከፍሎ ስደተኛ፣ እንዴት ነህ?» ይለው ነበር፤ እሱም ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳል። ሁለተኛ ግን እንሂድ አላላትም። ናይቫሻ ለሥራ ነው የምሄደው እያለ ጫማውን ጭቃ አድርጎ ይመለሳል፤ እሷ ጭቃውን ትጠርጋለች።

አሁን፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ያን ጭቃ በዓይነ ሕሊናዋ መላልሳ ታያለች። የማን ደጅ ጭቃ ነበር?

---

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰልስቱ ዕለት፣ የከሰል ምድጃው ላይ ድስት ሳይጣድ ብቻዋን አጠገቡ ቆመች። ከሰሉ ቀልቷል። ደብተሩን ከደረቷ አወጣችው። አንድ ጊዜ ብትጥለው ያልቃል። ሴትዮዋ ብትመጣም ወረቀት የላትም፤ ሰው ያንሾካሹክና ይተወዋል፤ ሜሮንም አባቷን እንደምታውቀው ታስቀረዋለች።

ካኪው ሙቀቱን ሲያገኝ መጠቅለል ጀመረ። በዚህ ጊዜ የመጨረሻው ገጽ ተገልጦ አንድ ቁጥር አየች። ቁጥር ታነባለች። ቀን ነው፤ ማህተም የሌለበት፣ ገና ያልደረሰ ቀን። ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ልጁ መርፌ አለበት ማለት ነው። ማን ይወስደዋል? አባቱ እንደሞተስ ማን ነግሮታል? አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በየአሥራ አምስት ቀኑ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ይችላል። እሷ ሦስት ቀን በር ስትጠብቅ ምን እንደሆነች ታውቀዋለች።

ደብተሩን በነጠላዋ አበረደችውና ስልኩን ይዛ ደረጃው ሥር ገባችና ደወለች። ስዋሂሊዋ የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ ይበቃል።

«ረታ!» አለ ጎርናና የሴት ድምፅ። «ምን ሆነህ ነው? ቦታህን ለሌላ ሰው ልሰጠው ስል...»

«ሚስቱ ነኝ» አለች ብዙነሽ።

ወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል።

«ማክሰኞ ሞተ።»

ሴትዮዋ እንደ አገሯ ልማድ «ዎይ! ዎይ!» ብላ ጮኸች። ብዙነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ለቅሶው የውሽማ ለቅሶ መሆን አለመሆኑን ለመለየት አዳመጠች፤ አልለየላትም።

«ቶሚ ደህና ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አይበላም፣ ማማ። ከትናንት ጀምሮ መንገዱ አፍ ላይ ነው። አርብ እንደሚመጣ ያውቃል እኮ።»

ብዙነሽ ግድግዳውን ያዘች። ድንጋይ ነው።

«ዛሬ አምጪው» አለች።

«ወዴት? ናይሮቢ? ሰው በተሰበሰበበት? ሰዎችሽ ምን ይላሉ?»

«የሚሉትን ይበሉ። ድንኳኑ የኔ ነው። አባቱን ይሰናበት።»

ቦታውን ነግራት ተመልሳ ስትመጣ ሜሮንን ወደ ጎን ጠራቻት። «ወተትና ዳቦ ግዢ። ለልጅ የሚሆን።»

«የማን ልጅ?»

«የአባትሽ።»

ሜሮን ቆማ አየቻት። «ዋት?» ማለት ጀምራ ተወችው። ከዚያ በአማርኛ፣ በቀስታ፣ «ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

«አምስት።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከማክሰኞ ወዲህ።»

ሜሮን በሩን አልፋ ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ወተቱን ግን ይዛለች። ሁለት ዓይነት ብስኩትም ጨምራለች።

ብዙነሽ ወደ ፍራሿ ሄደችና «ብርዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» አለቻት። «ጎኔ ቦታ ይኑር። ሰው ይመጣል።»

ብርነሽ ፊቷን አየች። መጠየቅ ልማዷ ነው፤ ዛሬ ግን አልጠየቀችም። ፈቀቅ አለችና የተለቀቀውን ቦታ በእጇ ጠረገችላት።

---

አሥር ሰዓት ሲሆን ጸሎቱ አልቆ፣ እዝኑ ተበልቶ፣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ግማሹ ለቀስተኛ ሄዷል፤ የቀረው ዝናቡን ይጠብቃል። ጋሽ አገኘሁ ድንኳኑ ስንት ሰዓት እንደሚፈርስ ከጠባቂው ጋር ይነጋገራሉ። በሩ ተንቋቋና አንድ አሮጌ ፒካፕ በጭቃ ተለውሶ ገባ።

የወረደችው ሴት ስልሳ የሚሆናት፣ ወፍራም፣ የጎማ ቦቲ የተጫማች ናት። ብዙነሽ አየቻትና ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃታት ይመስል ዓይኗን ወደ መኪናው ወንበር አሳለፈች። ወንበሩ ባዶ ነው። ሴትዮዋ ዞራ የኋላውን መዝጊያ ከፈተችው።

አንድ ቡናማ ውሻ ዘሎ ወረደ። አንዱ ጆሮው የታጠፈ ነው። አንገቱ ላይ ቀይ የድንኳን ገመድ ታስሯል።

«ይኸው» አለች ዋምቡይ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ይኸው ቶሚ።»

የቀረው ለቀስተኛ አንገቱን አሰገገ።

«በስመ አብ!» አለች ብርነሽ።

ጋሽ አገኘሁ ዣንጥላቸውን እንደ ዱላ አነሱ። «ምንድነው ይሄ? ለቅሶ ቤት ነው እኮ፣ ሴትዮ! ውሻውን አውጪ!»

ሜሮን የወተቱን ጥቅል እንደያዘች ቆማ ነበር። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከእጇ ሥር ግን ሳቁ ተገልብጦ ሌላ ነገር ሆነ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ አለቀሰች። ከማክሰኞ ጀምሮ ሰው ፊት ሳታለቅስ የቆየችው ነው።

ብዙነሽ ደብተሩን ከደረቷ አውጥታ ለዋምቡይ ዘረጋችላት። «ይሄ... የሱ ነው?»

«አዎ፣ የክትባቱ ነው። ያለሱ ግቢያችን አናስገባም። የእንስሳት ሐኪሙ የጌታውን ስም ነው አብሮ የሚጽፈው።»

እፎይታው መጣ።  ግን ብዙ አልቆየም፤ እንደ ዝናብ ዳር ፀሐይ ብልጭ ብሎ፣ በምትኩ ሌላ ጥያቄ አስቀምጦ ሄደ።

«ለምን ደበቀኝ?» አለች።

ዋምቡይ የቆመችበት ትከሻዋ እየራሰ ነገረቻት። ነጮቹ ሲሄዱ ውሻውን ጥለውት ሄዱ። ረታ ይዞት ዞረ። ፓርኩ ውሻ አያስገባም፤ ካጂያዶ ሜዳው ላይ ያለው የድንኳን ማደሪያም መለሰው። በመጨረሻ ቀድሞ ከነጮቹ ጋር ወዳደረበት፣ ወደ እነሱ የድንኳን ማደሪያ ይዞት መጣ። ውሻ ይገባል፤ በገመድ ይያዝ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ከአጥሩ አይለፍ፣ ጉማሬ አለ፤ ሌላ ሕግ የላቸውም። ፎቅ ላይ ውሻ ማሳደር ስለማይቻል እሷ ጋ አስቀመጠው። በየአሥራ አምስት ቀኑ አርብ ይመጣል። አንድ ትንሽ አረንጓዴ ድንኳን አለችው፤ ቢጫው ግራር ሥር ይተክላታል። ከዚያ እስኪመሽ ከውሻው ጋር ያወራል።

«ምን እያለ?»

«በቋንቋችሁ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ቶሚ ነው የሚያውቀው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አንድ ቀን ሚስትህን ለምን አታመጣትም አልኩት። እሷ የድንኳን ድርሻዋን ጨርሳለች፣ ሁለተኛ አልለምናትም አለኝ። ግን ሁልጊዜ ሁለት ወንበር ነው የሚዘረጋው። አንዱ ለውሻው መስሎኝ ነበር። ውሻው ግን መሬት ነው የሚተኛው።»

ሜሮን ይህን ለሰዎቹ ልትተረጉም አፏን ከፈተችና ተወችው። ብርነሽ ስዋሂሊ ታውቃለች። አንድ እሁድ እንባዋ እስኪወርድ የሳቀችው ብርነሽ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

ዋምቡይ ገመዱን ሳብ አደረገችው። ውሻው ድንኳኑ አፍ ድረስ መጣና የላስቲኩ ጥላ የሚጀምርበት መስመር ላይ ቀጥ አለ። ደግማ ሳበችው። አራት እግሩን ተከለ። ዝናቡ በጀርባው ላይ ይወርዳል።

«አይገባም» አለች ዋምቡይ። «ድንኳን ካልተነገረው አይገባም፣ እንደዚያ ነው ያስለመደው። እኔ በስዋሂሊ አልኩት፣ በእንግሊዝኛ አልኩት፣ በኪኩዩም አልኩት። እሱ የሚላትን ቃል አላወቅኳትም።»

«ከሰው የተሻለ ያውቃል» አሉ ጋሽ አገኘሁ፣ ዣንጥላቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲህ ይመለስ። ውሻ ለቅሶ አይደርስም።»

ብዙነሽ ከፍራሿ ተነሳች። ሦስት ቀን ስትንጠራራ የቆየችበትን በር አላየችም። ውሻውን አየችው፤ ውሃ እየተንጠፈጠፈ፣ አልገባም ብሎ፣ ግን አልሄድም ብሎ የቆመውን። ንፋስ መጥቶ ላስቲኩን አንኳኳው። ትከሻዋ አልተጨመደደም።

አንድ እጇን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። በሌላው የላስቲኩን ጫፍ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ የተጠራቀመው ውሃ በክንዷ በኩል ወደ ብብቷ ወረደ።

«ግባ» አለችው። «ግባ፣ ልጄ።»